ዘይት ሳይበዛ የሚጣፍጥ ምስር ወጥ

የምስር ወጥን የሚያጣፍጠው ቁሌቱ እንጂ የዘይቱ ብዛት አይደለም። ለአምስት ሰው 4 መካከለኛ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉና ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት ለ15 ደቂቃ አቁላሉ፤ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ ማድረግ ነው። ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። 2 ማንኪያ በርበሬ ስትጨምሩ ወዲያው ውሃ አስከትሉ፤ በደረቁ ካረረ ይመራል፣ መመለሻም የለውም። በርበሬው 10 ደቂቃ ከበሰለ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ የታጠበ 2 ኩባያ ምስር ክክና 5 ኩባያ ሙቅ ውሃ፤ በ25 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ጨው መጨረሻ ላይ።

አጠገቡ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ ቢኖር ሰውነት የምስሩን የብረት ማዕድን በደንብ ይወስዳል። ቡናና ሻይ ተቃራኒውን ስለሚያደርጉ (ከእራት በኋላ ለለመደ ይከብዳል) አንድ ሰዓት ይቆዩ።