እምቢ ያለ ቡሎን
አሮጌ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ዝጎ የደረቀ ቡሎን ካጋጠማችሁ፣ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክታችሁ አትንጠልጠሉበት። ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። መጀመሪያ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ። አሴቶን የሚባለውን ማሟሚያ ፈሳሽና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ቶሎ ስለሚለያይ እየበጠበጣችሁ ጥርሱ ላይ አንጠባጥቡና አሳድሩት። በማግስቱ የቡሎኑን ራስ በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ፤ ንዝረቱ ዝገቱን ያላቅቃል፣ ዘይቱም ይሰርጋል። ከዚያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው፣ እየመላለሳችሁ ሞክሩ። ጥርሱ የግራ፣ ማለትም ወደ ቀኝ ሲዞር የሚፈታ፣ እንዳይሆን ግን አስቀድማችሁ እዩ። እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ ፈታሁ ብዬ ሳጠብቅ ውያለሁ! እሳት መጠቀም ካሰባችሁ አሴቶኑ ከመነካቱ በፊት ይሁን፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል።