ደጅ ስትስሉ ጥላውን ቀድማችሁ ያዙ

ደጅ ወጥታችሁ መልክዓ ምድር የምትስሉ ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት የጥላዎቹን ቅርጽ በቀጭን ቡናማ መስመር ሸራው ላይ አስቀምጡ። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች። ዛፉን አሳምራችሁ ቀና ስትሉ፣ ቅድም ድንጋዩ ላይ ያረፈው ጥላ አልፎት ሄዷል። እሱን እየተከተላችሁ አታስተካክሉ! መጀመሪያ ያሰመራችሁትን እመኑ። አለዚያ ግማሹ የጠዋት፣ ግማሹ የቀትር የሆነ ሥዕል ይዛችሁ ትገባላችሁ፤ ያ ሁሉ ልፋት ያሳዝናል። ከጀመራችሁ ሁለት ሰዓት ካለፈ አቁሙና በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔም ብርሃኑ ሲቀየር ሸራ ይቀይር ነበር።

ደግሞ ሸራውን ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። ቀለሙ ከልክ በላይ ፈክቶ ስለሚታያችሁ ሳታውቁት ታጠቁሩታላችሁ፤ ቤት ስትገቡ ጨልሞ ታገኙታላችሁ።