ሒሳብ እንደገና ለምትጀምሩ
ከትምህርት ቤት ከወጣችሁ ቆይቶ ሒሳብ በራሳችሁ ልትማሩ ካሰባችሁ፣ በአልጀብራ አትጀምሩ። መጀመሪያ ክፍልፋይን አጥርታችሁ እወቁ። የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ መያዝ ምንም አያሳፍርም።

ጅማ ላለ ሰው ደግሞ መለማመጃው ደጁ ላይ ነው። አንድ ፈረሱላ ቡና 17 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የፈረሱላውን ዋጋ ስትሰሙ የኪሎውን፣ ከዚያም የሩብ ኪሎውን በወረቀት አውጡ፣ ስልኩ ለማረጋገጫ ብቻ ይሁን። ፈረሱላው 5100 ብር ቢሆን (የት ተገኝቶ! ለስሌት እንዲመች ነው) ኪሎው 300፣ ሩቡ 75 ይመጣል።

ሌላው፣ የተሠራ ምሳሌ አንብባችሁ «ገባኝ» ብላችሁ አትለፉ። መጽሐፉን ዝጉና ከባዶ ሥሩት። ከተያዛችሁ የተያዛችሁባትን መስመር ብቻ አይታችሁ መልሳችሁ ዝጉ። በማግስቱም አዲስ ነገር ሳትነኩ ያንኑ ድገሙት።