የግራፊክስ ድራይቨር ባግ ስታሳድዱ የምትወድቁባቸው ጉድጓዶች

ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆንኩ። ኮዱ ውስጥ መልእክት የሚያትም መስመር እጨምራለሁ፣ ቢልድ አደርጋለሁ፣ ጌሙን እከፍታለሁ፤ ምንም አይታተምም። ሌላ ፋይል ላይ እጨምራለሁ፤ አሁንም ጭጭ። በሦስተኛው ቀን ነው የነቃሁት። ጌሙ እኔ የምነካካውን ድራይቨር (ፕሮግራሞችን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ኮድ) አንዴም ከፍቶት አያውቅም፤ ከሲስተሙ ጋር ተጭኖ የመጣውን ነበር የሚጠቀመው።

የማወራው ስለ ሜሳ ነው። ሊኑክስ ላይ ኦፕንጂኤልንና ቫልካንን (ጌሞች ለግራፊክስ ካርዱ ትእዛዝ የሚሰጡባቸውን ሁለት መንገዶች) የሚያስኬዱት ክፍት ኮድ ድራይቨሮች በአብዛኛው የሚኖሩት እዚህ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ብራያን ፖል እ.ኤ.አ. በ1993 በትርፍ ጊዜው የጀመረው ሥራ ዛሬ ኢንቴልን፣ ኤኤምዲን፣ ኤንቪዲያን፣ የስልክ ቺፖችን ሳይቀር ይዟል። ማንም ገብቶ ባግ ማስተካከል ይችላል። ጣጣው ግን ብልሽቱ የሚታየው ስክሪን ላይ ሆኖ ጥፋቱ ሌላ ቦታ መገኘቱ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

የትኛው ድራይቨር እየሠራ እንደሆነ ሳያዩ መጀመር

ቴርሚናል ላይ ጂኤልኤክስኢንፎ በሉና የሬንደረሩን (የሚስለውን ክፍል) ስምና የሜሳውን ቨርዥን አንብቡ። የኮዱ ታሪክ ከሚያዝበት ከጊት አውርዳችሁ ራሳችሁ ቢልድ ያደረጋችሁት ከሆነ ከቨርዥኑ አጠገብ የኮሚቱ (የመጨረሻው የኮድ ለውጥ) ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ የናንተ ካልሆነ እዚያው ቁሙ። ሜሰን ዴቭኢንቭ የሚባለው ትእዛዝ ሲስተሙን ሳትነኩ ፕሮግራሙን በአዲሱ ቢልድ ያስከፍትላችኋል፤ እኔ ያንን ሳላውቅ ነው ሁለት ቀን ያቃጠልኩት።

የሬንደረሩ ስም ኤልኤልቪኤምፓይፕ ከሆነ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ጭራሽ ሥራ ላይ የለም። ሁሉን የሚስለው ፕሮሰሰሩ ነው። «ድራይቨሩ ቀርፋፋ ነው» ከማለታችሁ በፊት ይቺን እዩ።

ካሹን መርሳት

ይሄም የሚያሳብድ ነው። ሼደር ማለት ካርዱ ላይ የሚሠራ፣ ቀለሙን የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሜሳ ሼደሩን ወደ ካርዱ ቋንቋ ሲተረጉም ለማየት መልእክት የሚያትመውን አማራጭ ታበሩታላችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ያትማል፣ ሁለተኛ ጊዜ ስትከፍቱ ግን ዝም። ምንም አልተበላሸም። ሜሳ ተርጉሞ የጨረሰውን ሼደር ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሁለተኛው ዙር ላይ አይተረጉምም፣ ያስቀመጠውን ያነሳል። ስትመረምሩ የሼደር ካሹን የሚያጠፋውን ቬሪያብል አብሩትና ተገላገሉ።

«ኤንቪዲያ ላይ እኮ ይሠራል» ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አንድ ሼደር አስቡ። ቀለም የሚባል ቬሪያብል ተፈጥሯል፤ ዋጋ የሚሰጠው ግን ኢፉ ውስጥ ብቻ ነው። ኢፉ ካልተፈጸመስ? ስፔሲፊኬሽኑ (ድራይቨሮች ሁሉ የሚከተሉት የደንብ ሰነድ) ዋጋው አይታወቅም ብሎ ያልፈዋል። አንዱ ድራይቨር ላይ በአጋጣሚ ዜሮ ሆኖ ይገኛል፤ ጥቁር ነጥብ ይሆናል፣ ጥላ መስሎ ያልፋል፣ ማንም አያየውም። ሌላው ላይ ሬጂስተሩ (የካርዱ ትንሽ ማስቀመጫ) ውስጥ ከቀደመው ሥራ የተረፈ ቆሻሻ ይመጣና ግድግዳው ሮዝና አረንጓዴ ሆኖ ይብለጨለጫል። ተጫዋቹ ማንን ይረግማል? ሁለተኛውን ድራይቨር። ጥፋተኛው ግን ጌሙን የጻፈው ሰው ነው።

ስለዚህ የሌላ ድራይቨር ውጤት ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። እኔ የማደርገው ያንኑ ፕሮግራም በኤልኤልቪኤምፓይፕ፣ ቫልካን ከሆነ እንደሱ በፕሮሰሰር በሚስለው በላቫፓይፕ ማስኬድ ነው። እየተንቀራፈፈም ቢሆን ይስላል። እዚያ ላይ ትክክል ሆኖ ካርዴ ላይ ከተበላሸ የካርዱን ድራይቨር እጠረጥራለሁ። ሁለቱም ላይ ከተበላሸ ወይ ጌሙ ነው፣ ወይ ሁሉም ድራይቨሮች የሚጋሩት የሜሳ ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ስፔሲፊኬሽኑ። አዎ፣ ያሰለቻል፤ ግን መፍረጃው እሱ ነው።

ጥፋቱ የጌሙ ሆኖ ከተገኘስ? ድራይቨሩ መሀል ገብታችሁ «የፕሮግራሙ ስም ይሄ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚል ኢፍ አትሰኩ። ለዚህ ተብሎ ድራይኮንፍ አለ። የፕሮግራሞች ስም የተዘረዘረበት ፋይል ነው፣ ለእያንዳንዱም የሚያስፈልገው መላ ተጽፎለታል፤ ዋጋ ያልተሰጣቸውን ቬሪያብሎች ዜሮ የሚያደርግ አማራጭ ሳይቀር አለው።

ሪፖውን (የኮዱን ማከማቻ) በቁንጽል ማውረድ

ዳታ ፓኬጅ እየቆጠረ የሚሠራ ሰው የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ ማውረድ ያምረዋል። ይገባኛል፣ አድርጌዋለሁ። ግን ታሪኩ ከሌለ ጊት ባይሴክት (ባጉን ያመጣውን ኮሚት ታሪኩን በግማሽ በግማሽ እየከፈለ የሚፈልገው ትእዛዝ) የለም፣ «ባለፈው ቨርዥን ይሠራ ነበር» ለሚባል ባግ ደግሞ ከባይሴክት የሚበልጥ መሣሪያ የለም። 1000 ኮሚት ቢኖር ወደ 10 ገደማ ሙከራ ነው የሚፈልገው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አንዴ ሙሉውን አውርዱት።

ቢልዱ ረጅም ነው ካላችሁ፣ የሌላውን ሁሉ ድራይቨር ዝጉና የናንተን ካርድ ድራይቨር ብቻ ምረጡ፤ ያልተቀየረውን ኮድ ደግሞ ከመተርጎም የሚያድናችሁን ሲካሽንም ጫኑ። ባይሴክት መሀል ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ግን አታዘምኑ፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ መልሱ ዋጋ የለውም።

የሞተ ኮድ ማከም

ብዙዎቻችን ያገለገለ ላፕቶፕ ነው የያዝነው፤ ኢንቴል ኤችዲ 4000 ያለበት ማሽን አሁንም ሞልቷል። ድሮ የኦፕንጂኤል ድራይቨሩ አይ965 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሜሳ 22.0 ሲወጣ ከዋናው ኮድ ተነስቶ አምበር ወደተባለው ቅርንጫፍ ተዛወረ። ለዚህ ካርድ አሁን የሚሠራው ክሮከስ ነው። አሮጌ ጽሑፍ ተከትሎ አይ965 ላይ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) መጻፍ ባዶ ቤት መቀባት ነው። ቫልካኑን በተመለከተ ደግሞ ድራይቨሩ ራሱ ሲነሳ «ድጋፉ አልተሟላም» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ እሱን አንብቡና ተስፋችሁን ለኩ።

ስክሪኑ ሲደርቅ ፓወር በተኑን መጫን

ካርዱ ሲቆለፍ እጅ ወዲያው ወደ በተኑ ይሄዳል። ቆይ! ብዙ ጊዜ የደረቀው ስክሪኑ ብቻ ነው፣ ከርነሉ በሕይወት አለ። ከሌላ መሣሪያ መግቢያውን ኤስኤስኤች ቀድማችሁ ካበራችሁት ከስልካችሁ ገብታችሁ ዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች) አንብቡ። ኢንቴል ላይ ካርዱ ሲቆለፍ የነበረበትን ሁኔታ ከርነሉ አይ915 ኤረር ስቴት በሚባል ፋይል ያስቀምጠዋል፤ ሪስታርት ካደረጋችሁት ግን የለም።

ፍጥነት ሳይለኩ ማሻሻል

የሜሳ ቢልድ ካልቀየራችሁት ለምርመራ የሚሆን ነው፣ በየቦታው ራሱን የሚፈትሽ ኮድ አለበት። እሱን ሲስተሙ ላይ ካለው የተጠናቀቀ ቢልድ ጋር አወዳድሮ «ፓቼ አዘገየው» ብሎ ማዘን ከንቱ ነው። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መንገድ ቢልድ አድርጉ። ላፕቶፑም ይሙቅ፤ የመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፣ ማሽኑ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ።

አንድ ጌም ላይ ስለሠራ ጨረስኩ ማለት

ድራይቨር መፈተሻዎቹን፣ ፒግሊትንና የክሮኖስን (የኦፕንጂኤልና የቫልካን ደንብ አውጪውን ድርጅት) ቴስቶች፣ ከፓቹ በፊትም በኋላም አስኪዱ። በፊት የሚለውን አትዝለሉ። መጀመሪያውኑ የሚወድቁ ቴስቶች አሉ፤ ሜሳም የሚጠበቁትን ውድቀቶች በፋይል ይዘረዝራቸዋል። ይህን ያላወቀ ሰው የሌላውን ባግ የራሴ ነው ብሎ ሲያለቅስ ያመሻል።

ሁሉን በአንድ ፓች ማጨቅ

የመጀመሪያ ፓቼ እውነተኛ ማስተካከያው 3 መስመር ነበር። በዚያው ስፔሱን ላስተካክል፣ የፈንክሽን ስምም ልቀይር ብዬ ብዙ መቶ መስመር አደረስኩት። ያየው ሰው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ባጉን የሚያስተካክለው የትኛው ነው?» እኔም ፈልጌ ለማግኘት ጊዜ ወሰደብኝ። ከፋፈልኩት። 3ቱ መስመሮች ለብቻቸው ሆኑ፣ ኮሚቱ ግርጌ «ፊክስስ» ብዬ ባጉን ያመጣውን ኮሚት ቁጥር ጻፍኩ፤ የተረጋጋውን ቨርዥን የሚያወጡት ሰዎች ያንን አይተው ነው ማስተካከያውን ወደ እነሱ ቨርዥን የሚወስዱት። የስፔሱን ፓች እስካሁን አልላክሁትም።