ፍሬንች ፕሬሱ ለቡና ካልሆነ ለቢራ ይሁን

ቤታችሁ ውስጥ አንድ ፍሬንች ፕሬስ፣ ያ ቡናውን በወንፊት ወደ ታች እየተጫኑ የሚያጠሉበት የመስታወት ዕቃ፣ ሳይኖር አይቀርም። ወይ ለሠርግ የተሰጣችሁ ነው፣ ወይ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው። የእኛን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ነው ይዛልን የመጣችው። ሁለት ሳምንት ቡና ጠጣንበት። ከዚያ አንድ ቀን እናቴ ቀመስ አድርጋ «ይሄማ እጣቢ ነው» አለችና ጀበናዋን ጣደች። ፍሬንች ፕሬሱ ብፌ ውስጥ ገባ፣ እዚያው ቀረ።

ከብፌ ያወጣሁት ለቢራ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ዕቃው ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ ወይ ድንብላል ወይ ቡና ታደርጋላችሁ፣ ቀዝቃዛ ቢራ ትቀዱበታላችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ወንፊቱን ወደ ታች ገፋ አድርጋችሁ ወደ ብርጭቆ መቅዳት ነው። ቢራው ያው የምታውቁት ቢራ ነው፣ ሽታው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ቢራ በስፕራይት ከሚጠጡት ሰዎች ጋር እንዳታምታቱኝ። ስፕራይት ቢራውን ያቀጥነዋል፣ ስኳርም ይጨምርበታል። እዚህ ውሃም ስኳርም የለም።

ሐሳቡን እኔ አልፈጠርኩትም። አሜሪካ፣ ደላዌር ውስጥ ያለው ዶግፊሽ ሄድ የሚባለው ቢራ ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ2002 «ራንዳል» ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ሆፕስ፣ ማለትም ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው አበባ፣ የታጨቀበት ማጣሪያ በሉት፤ ድራፍቱ ከበርሜል ወጥቶ ብርጭቆ ከመድረሱ በፊት በውስጡ ያልፍና ሽታውን ይዞ ይወጣል። እኛ ቤት የድራፍት ማሽን የለም። ወንፊት ያለው ማሰሮ ግን ብፌ ውስጥ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ዕቃውን እጠቡት። በደንብ ማለቴ ነው። የቡና ቅባት የቢራ አረፋ ጠላት ነው፤ ቅባት የነካው ቢራ ተቀድቶ ሳያልቅ አረፋው ይጠፋና የትናንት ድራፍት ይመስላል። ወንፊቱ ከታች በኩል ይፈታል። ሁለት ሦስት ብረት ተደራርቦ ታገኛላችሁ፣ በመሃላቸው ደግሞ የዛሬ ዓመት የተጠጣ ቡና አተላ ተጋግሮ አለ። ፈታትታችሁ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እሹት፣ ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ ሳሙና ከቀረበትም አረፋውን ይገድለዋልና። ሲጨርሱ ማሽተት ነው። ቡና ቡና ከሸተተ ገና ነው።

ቀጥሎ ማቀዝቀዝ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኔን ያዋረደኝ እዚሁ ነውና። የመጀመሪያ ቀን ቸኩዬ ከሱቅ ያመጣሁትን ለብ ያለ ሁለት ጠርሙስ ቢራ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል ላይ ገለበጥኩት። አረፋው ተነሣ። ክዳኑን ስጭንበት በመቅጃው በኩል ወጣ፣ ስለቀው በዙሪያው ወጣ፣ ወንድሜ ፎጣ ፍለጋ ሲሮጥ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእናቴን ዳንቴል አራሰው። ብርጭቆ ውስጥ የቀረን ሩብ ያህል ቢራና ብዙ የዝንጅብል ጭረት ነበር።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ቢራ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ነው ረጋ ብሎ የሚቀመጠው። ሲሞቅ መውጣት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሸካራ ነገር ሲያገኝ ጥቃቅን አረፋ የሚጀምርበት ቦታ አገኘ ማለት ነው፣ ስለዚህ ዱቄት የመሰለ ነገር በጨመራችሁ ቁጥር አረፋው ይብሳል። መፍትሔው ሁለት ነው። ቢራውም ዕቃውም ፍሪጅ ውስጥ ይደሩ። የምትጨምሩትን ደግሞ ሸርከት አድርጉት እንጂ አታድቅቁት።

መጠኑንም አስቡ። የኛ ቢራ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ነው፣ ትልቁ ፍሬንች ፕሬስ አንድ ሊትር። ሁለት ጠርሙስ ስትቀዱ 660 ይሆናል፣ አንድ ሦስተኛው ለአረፋ ይቀራል። ሦስተኛ ጠርሙስ ልክ ይመጣል ብላችሁ እንዳትሞክሩ። ትንሿ፣ የአንድ ሰው የምትባለዋ ዓይነት ከሆነች ግማሽ ጠርሙስ ይበቃታል።

አቀዳዱ እንደ ድራፍት ነው። ዕቃውን ዘንበል፣ ቢራውን በግድግዳው ቀስ። መጫኛው ከላይ እንደተሳበ ክዳኑን ጣል አድርጉበትና ወደ ፍሪጅ መልሱት። ስትጫኑት የቡናን ያህል ወደ ታች አታድርሱት፤ የጨመራችሁት ነገር ላይ ወንፊቱ ሲያርፍ ይብቃችሁ፣ ከዚያ በላይ ከጨመቃችሁት ምሬቱ ይወጣል። እጃችሁን ቀስ አድርጉ። ፍሬንች ፕሬስ ጋዝ እንዲይዝ የተሠራ ዕቃ አይደለም፣ ስለዚህ አፉን በላስቲክ ምናምን ለማሸግ አትሞክሩ። ትንሽ ጋዝ ይወጣል፣ ይውጣ።

አሁን ወደ ጣዕሙ። ለጀማሪ የምመክረው ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ ነው። ቤልጂየሞች ነጭ የሚሉትን የስንዴ ቢራ ሲጠምቁ የሚጨምሩት እነዚህኑ ሁለቱን ነው፣ ስለዚህ ከቢራ ጋር መስማማታቸው ድሮ የተፈተነ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ድንብላል ሙቀጫ ውስጥ አንድ ሁለቴ ብቻ መታ መታ አድርጉ፣ ፍሬው ለሁለት ሲሰነጠቅ በቂ ነው። ብርቱካኑን በሙቅ ውሃ እጠቡና በካሮት መላጫ ቀጭን አድርጋችሁ ከላዩ ሦስት አራት ጣት የሚያህል ልጣጭ አንሡ። ነጩ ሥጋ ከገባ ይመራል። ሁለት ጠርሙስ ቢራ፣ አምስት ደቂቃ። ቀለል ያለ፣ ብዙ የማይመር ቢራ ምረጡ። ስትቀዱት መጀመሪያ አፍንጫችሁ ነው የሚያውቀው።

እኔ ግን የምወደው ቡናውን ነው። ጥቁር ቢራ ይፈልጋል፣ ሐኪም ስታውት ወይም ያገኛችሁትን ስታውት። ቡናው ለጀበና እንደምንቆላው ጥቁር ብሎ ዘይት ባያወጣ ይሻላል፤ ቡናማ ሲሆን አውርዱት፣ ይርጋጨፌ ከሆነ ያ የአበባና የሎሚ ሽታው ሳይቃጠል ይቀርላችኋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፍሬ ሙቀጫ ውስጥ ከሦስት ከአራት ስበሩት። ከዚያ፣ ይቺን አትዝለሏት፣ በወንፊት ነፍታችሁ ብናኙን ድፉት። የፍሬንች ፕሬሱ ወንፊት ብናኝ አይዝም፣ ብናኙ ደግሞ አረፋም ያስነሣል፣ ጥርስ ላይም ይቀራል። ለአንድ ጠርሙስ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ። የተፈላ ቡና ሲጨመርበት ቢራው ይቀጥናል፤ በዚህ መንገድ ግን የተቆላ ቡና ሽታ እንጂ ውሃ አልገባበትም። እናቴ እንኳን ይቺን ቀምሳ «እጣቢ» አላለችም። «ቡናውን አባከንሽው» ነው ያለችው።

ከስታውቱ ጋር ኮረሪማም ይሄዳል። አንዱን ፍሬ ከፍታችሁ አምስት ስድስት ዘር አውጡና ሸርክቱ። ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ወጥ ወጥ ማለት ይጀምራል። ዝንጅብል ከሆነ አውራ ጣት የምታህል ልጣችሁ በስሱ ቁረጡ፣ እንደኔ አትፈቅፍቁ። ጤና አዳም ቡና ላይ የለመደ ሰው ይሞክራት፣ አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ፣ ሁለት ደቂቃ፤ እርጉዝ ለሆነች ሴት ግን ቢራውም ጤና አዳሙም አይሆናትም። ቃርያ የምትወዱ ፍሬዋን አውጥታችሁ ሁለት ስስ ቁራጭ፣ ለደቂቃ ብቻ። ፍራፍሬ ላይ እኔ እድል የለኝም። ማንጎው ወንፊቱን ይደፍነዋል፣ እንጆሪው ቢራውን የሳል ሽሮፕ ያስመስለዋል።

ጌሾስ? ጠይቃችሁኝ እንደሆነ አዎ፣ ሞክሬዋለሁ። ጌሾ ለጠላና ለጠጅ እንደሚያገለግለው ሁሉ ቢራን መራራ የሚያደርገው ሆፕስ ነው፣ ስለዚህ አንዱን በሌላው መተካት ብልህነት መስሎኝ ነበር። አሥር ደቂቃ ቢቆይም ድርቆሽ ድርቆሽ ከማለት አላለፈም። ጌሾ ጥንስሱ ውስጥ ቀናት የሚቀመጠው ለካ ወዶ አይደለም። ሆፕሱ ግን ይሠራል። ምሬቱ የሚወጣው ሲፈላ ነው፣ ቀዝቃዛ ቢራ ውስጥ ሲገባ በአብዛኛው ሽታውን ነው የሚሰጠው። ውጭ አገር ያላችሁ የቤት ቢራ መጥመቂያ ከሚሸጡ ሱቆች ታገኙታላችሁ። ተጨፍልቆ እንደ እንክብል የተሠራውን ሳይሆን ሙሉ አበባውን ግዙ፣ እንክብሉ ይሟሟና ወንፊቱን ያልፋል። አራት አምስት ግራም ለሁለት ጠርሙስ ይበቃል።

ደቂቃዎቹን እንደ ሕግ አትያዙብኝ። ብርቱካኑ ይለያያል፣ ድንብላሉ አዲስ ወይ ያረጀ ይሆናል። በየደቂቃው በትንሽ ብርጭቆ ቅመሱ፣ ከምትፈልጉት ትንሽ ሳይደርስ አውጡት። ያነሰበት ላይ ሌላ ደቂቃ ትጨምሩበታላችሁ፣ የበዛበትን ግን ሌላ ጠርሙስ ከፍቶ ከመቀላቀል በቀር መላ የለውም። ሲጠጣም ወዲያው ነው፣ ለነገ አይተርፍም። በረንዳ ላይ የምትጠጡም ከሆነ ዕቃውን ከፀሐይ አርቁት። የቢራ ጠርሙስ ቡናማ የሚሆነው ብርሃን ከሆፕሱ ጋር ሲገናኝ መጥፎ ሽታ ስለሚያመጣ ነው፣ የፍሬንች ፕሬሱ መስታወት ደግሞ ምንም አይከልልም።

አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ በሶፊ ማልት ሠርቼ አውቃለሁ። ማልቱ ጣፋጭ ስለሆነ ዝንጅብሉን እጥፍ አድርጉት፣ ሎሚም ልጣጩን ጣል አድርጉበት።

ሲያልቅ ደግሞ እዚያው ማታውኑ እጠቡት፣ ወንፊቱን ፈታትታችሁ። እኔ አንድ ቀን ደክሞኝ እንዲሁ አሳደርኩት። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ከሰልም አልቆ ኖሮ እናቴ በቴርሞስ ከተረፈው ሙቅ ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ዕቃ ቡና አዘጋጀችና ለጎረቤት ቀዳችላት። ጎረቤታችን ፉት አለችና ሲኒውን አየት አድርጋ «ድንብላል ነገር አለው እንዴ?» አለች።