«እንደኛ ናቸው» በምንላቸው ዝነኞች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደራርቱ ቱሉ ስታለቅስ አብሯት የሚያለቅስ ብዙ ነው። አትሌቶቹን እቅፍ አድርጋ ስትስም ያየ ሰው የገዛ አክስቱ ትመስለዋለች። ይህ ፍቅር ደስ ይላል። ግን «እንደኛ ናት» ካልን በኋላ የምንስታቸው ነገሮች አሉ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ልፋታቸውን መርሳታችን ነው። ሰውየው ስለቀረበን ሥራውም የቀለለ ይመስለናል። ደራርቱ የበቆጂ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ከዚያ ጉዳት መጣ፣ ልጅ ወለደች። ብዙ ሯጭ እዚህ ላይ ያቆማል። እሷ ግን በ2000 ሲድኒ ላይ ያንኑ ወርቅ ደገመችው። በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። እንደኛ የሆነው ጠባይዋ ነው፤ እግሯ አይደለም።

ሌላው ቀላል ኑሮን ከድህነት መቁጠር ነው። ሆሴ ሙሂካ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 ኡራጓይን ሲመሩ ቤተ መንግሥት አልገቡም። ከሞንቴቪዴዮ ወጣ ባለች እርሻቸው ከባለቤታቸው ጋር ኖሩ። የ1987 ሞዴል ቮልስ ይነዱ ነበር። አብዛኛውን ደመወዛቸውንም ለበጎ ሥራ ይሰጡ ነበር። ዓለም «ድሃው ፕሬዚዳንት» አላቸው። እሳቸው ግን ስሙን አልተቀበሉትም፤ ድሃ ማለት ብዙ የሚያስፈልገው ሰው ነው ይሉ ነበር። ኑሮውን መርጠውት ነው የኖሩት። ልናዝንላቸው አይገባም።

ትሑት ስለሆነ አይጠየቅም ማለትም ስህተት ነው። ኡራጓይ ውስጥ በትምህርት ጉዳይ የሚጠበቅባቸውን አልሠሩም ብለው ሙሂካን የተቹ ነበሩ። ደራርቱ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን ስትመራም ስለ አትሌቶች ምርጫ የጠየቃት ሁሉ ጠላቷ አልነበረም። ሥልጣን የያዘን ሰው እየወደዱ መጠየቅ ይቻላል።

ለቅሶ ቤት ድረስ ተከትሎ ሰልፊ መጠየቅም አለ። እባካችሁ፣ ሐዘን ላይ ያለን ሰው ተዉት።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ደግሞ በስማቸው የሚከፈቱ የውሸት ገጾች ሞልተዋል። ሰው የሚታለለው «እሱ እኮ ለሁሉም ይመልሳል» ብሎ ስለሚያምን ነው። የምትወዱት ዝነኛ በውስጥ መስመር ብር ላኩልኝ ካላችሁ እንዳትልኩ። ገጹን ሪፖርት አድርጉት።