«ለልብ ጥሩ ነው» እያሉ ቸኮሌት በየቀኑ ለሚበሉ፦ ሊታረሙ የሚገቡ ስህተቶች

ጥቁር ቸኮሌት ለልብ፣ ለደም ብዛትና ለአእምሮ ይጠቅማል የሚለው ወሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከተዳረሰ ቆይቷል። ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ፣ ሱፐርማርኬት ገብቶ የቸኮሌት መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው «ይሄኛው ጤናማ ነው» የሚል ምክር አያጣም። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። ችግሩ ተመራማሪዎች የለኩት ነገርና እኛ ከመደርደሪያው አንሥተን የምንወስደው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አለመገናኘታቸው ነው። እነሱ የለኩት ፍላቫኖል የሚባለውን፣ በካካዎ ፍሬ ውስጥ የሚገኘውንና የደም ሥር እንዲላላ የሚረዳውን ንጥረ ነገር ነው። እኛ የምንገዛው ደግሞ በብዛት ስኳርና ቅባት ነው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ከዚህ መምታታት ነው።

ኪኒን ትቶ ቸኮሌት መያዝ

ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ ይቅደም። ደም ብዛት ያለበት ሰው «በተፈጥሯዊ መንገድ አወርደዋለሁ» ብሎ ኪኒኑን ያቆምና በየማታው ጥቁር ቸኮሌት መቁረስ ይጀምራል። እባካችሁ ቁጥሩን እዩት። ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመረምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምገማ፣ ካካዎ ግፊትን የሚቀንሰው በአማካይ በ1.76 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። የላይኛው የግፊት ቁጥሩ 160 የነበረ ሰው 158 ገደማ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። አንድ የግፊት ኪኒን በመደበኛ መጠኑ የላይኛውን ቁጥር በ9 ገደማ ያወርዳል። ደም ብዛት ደግሞ ሕመም ሳያሰማ ኩላሊትንና የአንጎል ደም ሥርን ይጎዳል፤ «ደህና ነኝ፣ ምንም አይሰማኝም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ኪኒን የሚቀየረውም የሚቀነሰውም ያዘዘው ሐኪም ሲወስን ነው፤ ቸኮሌቱ ከኪኒኑ ጎን ይበላ እንደሆነ እንጂ በኪኒኑ ቦታ አይገባም።

ስኳር ላለበት ሰውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ጥቁር ቸኮሌት በሳምንት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚበሉ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ21 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ በሽታው ያልያዛቸውን ሰዎች ለዓመታት የተከታተለ ነው። ቸኮሌቱ ራሱ ይከላከላል ብሎ ማረጋገጥ አይችልም፤ የያዘውን ሰው ስለማከምም የሚለው ነገር የለም። የወተት ቸኮሌት በሚበሉት ላይ ጥቅሙ አልታየም፣ ክብደታቸው ግን ጨምሯል።

የካፕሱልን ጥናት ለቸኮሌት ማዋል

ኮስሞስ የተባለው ትልቁ ጥናት ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ የሆኑ 21,442 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ በቀን 500 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል በካፕሱል ወሰዱ፤ ክትትሉ 3 ዓመት ተኩል ያህል ዘለቀ። የልብና የደም ሥር አደጋዎች በጥቅሉ በ10 በመቶ ቢያንሱም ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ስለነበር አሳማኝ አልሆነም። በእነዚህ በሽታዎች የሞቱት ግን በ27 በመቶ አንሰዋል። ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ነው፤ ለጥናቱ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ ቸኮሌት አምራቹ ማርስ መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ዋናው ነገር ግን ሰዎቹ የዋጡት ካፕሱል መሆኑ ነው፤ ከቸኮሌት ጋር የሚመጣው ስኳርና ካሎሪ አልነበረበትም።

ፊቱን አይቶ ጀርባውን አለማንበብ

ማሸጊያው ጥቁርና ወርቅማ ስለሆነ ብቻ «ጥቁር ቸኮሌት ገዛሁ» የሚል ሰው እጅግ ብዙ ነው። አገላብጡት! ጀርባው ላይ ያለው የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ከሆነ የያዛችሁት በካካዎ የተቀባ ስኳር ነው። ከስኳሩ ቀጥሎ የፓልም ዘይት ወይም የአትክልት ቅባት ከመጣ ደግሞ የካካዎው ቅቤ ወጥቶ በርካሽ ዘይት ተተክቷል፤ ኬክ ሠሪዎች «ኮምፓውንድ» የሚሉት ይኸው ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በኬክ ቤቶች መስታወት ውስጥ እንደሚታየው ዓይነት ለሚያብረቀርቅ ሽፋን ኮምፓውንድ ይመቻል፣ ቀልጦ መልሶ ለመድረቅ ጣጣ የለውም። በበዓል ቀን ከኬክ ጋር መብላቱ ምንም አይደለም። «ለልቤ ብዬ» በየቀኑ መብላቱ ነው የሚያናድደው፤ ለልብ ይጠቅማል የተባለው ፍላቫኖል እዚያ ውስጥ ያለው ለስም ያህል ነውና።

«ጽሑፉ በቱርክኛ ነው፣ በዓረብኛ ነው፣ ምን ላድርግ?» የሚለው ሰበብ አይሠራም። ቁጥር በየትኛውም ቋንቋ ይነበባል። የ100 ግራም ይዘት የተዘረዘረበትን ሠንጠረዥ ፈልጉ፤ ከካርቦሃይድሬት ሥር ገባ ብሎ የተጻፈው ቁጥር ስኳሩ ነው። እውነተኛ 70 በመቶ ቸኮሌት እዚያ ቦታ ላይ 30 ወይም ከዚያ ያነሰ ያሳያል። 85 በመቶው 15 ገደማ ነው። 50 አካባቢ ካያችሁ፣ ፊቱ ላይ ምንም ይጻፍ፣ ወደ መደርደሪያው መልሱት።

በመቶኛውም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 70 በመቶ ማለት የካካዎ ቅቤውና ደረቁ የካካዎ ክፍል ተደምረው ነው። ፍላቫኖል ያለው በደረቁ ክፍል ነው፤ ቅቤው ቅባት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት 70 በመቶ ቸኮሌቶች የፍላቫኖል መጠናቸው በጣም ሊራራቅ ይችላል። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ስኳሩ ምን ያህል እንደሆነ ነው፤ ለዚያ ታመኑት፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

«ይህን ለዓመታት የማውቀው ምርት ነው» ብላችሁም አትለፉት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በዓለም ገበያ የአንድ ቶን ካካዎ ዋጋ ከ12,000 ዶላር አልፎ ነበር። እንዲህ ሲሆን አምራች ካካዎውን ቀንሶ ዘይትና ስኳር መጨመሩ የታወቀ ነው፤ ማሸጊያው ሳይቀየር ውስጡ ይቀየራል። የምትወዱትን ምርት ጀርባ እንደገና አንብቡት።

የመጠጥ ዱቄትን ካካዎ ብሎ መግዛት

በቆርቆሮ የሚሸጠው «የቸኮሌት መጠጥ» አብዛኛው ስኳር ነው። ንጹሕ የካካዎ ዱቄት ዝርዝሩ ላይ ካካዎ ብቻ ይጻፍበታል፤ በ100 ግራም ውስጥ ያለው ስኳር 2 ግራም አይሞላም።

ንጹሑም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያልታከመው፣ ቀላ ያለ ቡናማና ጎምዘዝ የሚለው ነው። ሁለተኛው ምሬቱ እንዲለዝብና እንዲጠቁር አልካሊ በሚባል የአሲድ ማርከሻ የታከመው ነው። ሰው «ጠቆር ያለው ኃይለኛ ነው» ብሎ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ያልታከመው ዱቄት በአንድ ግራም በአማካይ 34.6 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል ሲለካበት በብዛት የታከመው 3.9 ብቻ ተገኝቶበታል። በልሙጥ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም በ5 ግራም፣ ስታሰሉት የመጀመሪያው 170 ገደማ ሲሰጣችሁ ሁለተኛው 20 አይሞላም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለደም ሥር ይረዳል ብሎ የተቀበለው መጠን በቀን 200 ሚሊ ግራም ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ፖታሺየም ካርቦኔት፣ ወይም ኢ500 (E500) አልያም ኢ501 (E501) የሚል መለያ ካያችሁ ታክሟል ማለት ነው። ለኬክ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ዓላማ አይሆንም።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው፤ ግን ዱቄቱን የፈላ ውኃ ላይ አትበትኑት። ቅባት ስላለው ይጓጉላል፣ ፍም ላይ ብታቆዩትም አይሟሟም። መጀመሪያ አንድ የሾርባ ማንኪያውን በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ለውሳችሁ እንደ ሊጥ አድርጉት፣ ከዚያ የሞቀ ውኃ ወይም ወተት እየጨመራችሁ አቅጥኑት። ቀረፋ ጣል ቢደረግበት የስኳር ፍላጎትን ይቀንሳል።

ሳይቀንሱ መጨመር

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚፈቅደው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች ነው፤ ወደ 25 ቢወርድ ይሻላል ይላል። አሁን የከተማችንን ቀን አስሉት። በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለበት ሦስት ማኪያቶ ወይም ሻይ 24 ግራም ነው። 45 ግራም የምትመዝን አንዲት የወተት ቸኮሌት ስትጨመር 23 ግራም ትመጣለች። ምሳ ሳይበላ፣ ለስላሳ ሳይጠጣ ጣሪያው ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ጥቁሩም ቢሆን በካሎሪ ቀላል አይደለም፤ 30 ግራሙ 180 ካሎሪ ገደማ ነው። በየቀኑ የምትበሉ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ግራም ይበቃል፣ ያውም በሌላ ጣፋጭ ምትክ። መመዘኛ አያስፈልጋችሁም፦ 100 ግራሙ ቸኮሌት 10 ክፍል ካለው ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ቁረሱና የቀረውን ጠቅልላችሁ መልሱ። ከነማሸጊያው ይዞ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ ግን መጨረሻው ባዶ ወረቀት ነው።

ከምግብ ጋር አያይዞ መጠጣት

ካካዎ እንደ ሻይ ሁሉ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይረን አስሮ ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ከዳቦ ጋር ካካዎ ሲጠጣ ሰውነት ከዳቦው የሚወስደው አይረን በ71 በመቶ ቀንሷል። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር በልቶ ወዲያው ካካዎ የሚያስከትል ሰው፣ በተለይ ደም ማነስ ያለባት ወይም የአይረን ኪኒን የምትወስድ ሴት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ያሳልፍ።

ሙዝ ውስጥ መፍጨት

ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች ጁስ ቤት ገብተው ካካዎ በሙዝ ማስፈጨት ይወዳሉ። ሙዝን የሚያጠቁረው ኤንዛይም ፍላቫኖልንም ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት ከሙዝ ስሙዚ ጋር የተወሰደው ፍላቫኖል ደም ውስጥ የገባው በ84 በመቶ አንሶ ነው። በማንጎ፣ በአናናስ ወይም በብርቱካን አስፈጩት።

ጨጓራና እንቅልፍ

ካካዎ በጉሮሮና በጨጓራ መካከል ያለውን መዝጊያ ስለሚያላላ ቃር ያለበትን ሰው ያስቸግራል፤ በባዶ ሆድና ከመኝታ በፊት ባይወሰድ ይሻላል። ካፌይንም አለው፤ በ30 ግራም ጥቁር ቸኮሌት 24 ሚሊ ግራም ገደማ። ብቻውን ትንሽ ነው፣ ከአቦል እስከ በረካ ለጠጣ ሰው ግን በዚያ ላይ ይደመራል። ካካዎ ጠጠር ሊሠራ የሚችለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት፣ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ የየቀን ልማድ አያድርገው።

ጥቁር ሁሉ የጾም ነው ማለት

አይደለም። ብዙ ጥቁር ቸኮሌቶች የወተት ቅባት ወይም የወተት ዱቄት አለባቸው፤ ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ፈልጉት። «የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» የሚለው ግን ፋብሪካው ሌላም ምርት ስለሚሠራበት የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ነው።

ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር በየቀኑ መስጠት

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የካካዎ ዛፍ ካድሚየም የሚባለውን ጎጂ ብረት ከአፈር ይስባል፤ ፍሬው ደጅ ሲደርቅ ደግሞ እርሳስ የሚባለው ሌላ ጎጂ ብረት ያለበት አቧራ ያርፍበታል። ካካዎው በበዛ ቁጥር ሁለቱም የመብዛት ዕድላቸው ይጨምራል፤ እዚህ ላይ 85 በመቶው ከወተት ቸኮሌቱ ይብሳል። የአውሮፓ ሕብረት ካካዎው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ቸኮሌት የፈቀደው የካድሚየም ጣሪያ በኪሎ 0.8 ሚሊ ግራም ነው። ጣሪያው ላይ ካለ ቸኮሌት 30 ግራም የበላ ሰው 24 ማይክሮ ግራም ያገኛል። 60 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ በቀን ከዚህ አይለፍ የሚባለው ከምግብ ሁሉ ተደምሮ 21 ገደማ፣ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ደግሞ 5 ገደማ ነው። አብዛኛው ቸኮሌት ከጣሪያው በታች ስለሆነ አዋቂውን የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ለልጅ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ለእርሳስ ደግሞ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም። ለትንንሽ ልጆች ጥቁር ቸኮሌት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ አንድ ሁለት ክፍል ብቻ ይሁን፤ ነፍሰ ጡሮችም የየቀን አያድርጉት። አዋቂዎች በየቀኑ የምትበሉ ከሆነ አንድ ምርት ላይ አትጽኑ፤ ካካዎው የመጣበት አገር ከተጻፈ አንዱን ወር ከምዕራብ አፍሪካ፣ ሌላውን ከላቲን አሜሪካ የመጣውን ግዙ።